ዜሮና ባዶ

በዝናብ መዝገቡ ላይ ከሐምሌ 19 ትይዩ «0.0» ይላል። የእጅ ጽሕፈቱ የእኔ ነው። ያን ቀን ጠብታ እንኳ አልወረደም ማለት ነው። ይህችን ሳጥን ሰው ፊት ካነበብኳት ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ አሁንም ሌሊት ስነቃ ትመጣብኛለች።

ሥራዬ በአንድ የገጠር ወረዳ የአካባቢን ሁኔታ መከታተል ነው። ዝናቡን፣ የወንዙን ከፍታ፣ የምንጮቹን ንጽሕና፣ የሚሸረሸረውን ዳገት፣ ሁሉንም በየወሩ አንድ ቅጽ ላይ ሰብስቤ ለበላይ አካል እልካለሁ። ስሙ ከበድ ይላል እንጂ አብዛኛው ሥራ የእግር ነው። መሄድ፣ ማየት፣ መጻፍ። የዝናብ መለኪያዎቹን በየመንደሩ የሚያነቡልን የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይሄዳሉ፤ ባለፉት 24 ሰዓታት የወረደውን በሚሊ ሜትር ለክተው ይጽፋሉ፤ ውኃውን ይደፋሉ፤ መለኪያውን ወደ ቦታው ይመልሳሉ። በወሩ መጨረሻ ወረቀቱ እኔ ጋ ይደርሳል።

## ካርዷ

የዚያን ዕለት ስብሰባው የተጠራው ወንዝ ዳር ላሉ መንደሮች የድንጋይ መከላከያ ለማሠራት ነበር። በጀቱ ለሁሉም አይበቃም። ማን ይቅደም የሚለው መወሰን አለበት። እኔ የሰባት ዓመት የዝናብ መዝገብ ይዤ ቀረብኩ። ስድስት መንደሮች፣ በየመንደሩ ከባድ ዝናብ የጣለባቸው ቀናት ተቆጥረው በሠንጠረዥ ተደርድረው። ሠንጠረዡን ለመሥራት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ማንም በዘመድ የማይጠቀምበት፣ ማንም በድምፁ ጉልበት የማይቀድምበት ውሳኔ ይሆናል ብዬ ከልቤ አምኜ ነበር።

በሠንጠረዡ መጨረሻ ላይ የወጣችው ከወንዙ ማዶ ያለችው መንደር ናት። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት አንዱን ዓመት ምሳሌ አደረግኩ። «እዚህ ላይ ብታዩ፣ ሐምሌ ውስጥ ከ14 እስከ 22 ምንም ዝናብ የለም» አልኩ።

ከኋላ አንዲት እናት ተነሡ።

«ልጄ፣ የቱን ሐምሌ ነው የምትለው?»

ዓመቱን ነገርኳቸው።

«አሥራ ዘጠኝንም ይጨምራል?»

«አዎ እማማ። አሥራ ዘጠኝም ዜሮ ነው።»

ቀስ ብለው ወደ ፊት መጡ። ከጉያቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ፈቱት። የክትባት ካርድ ነው። ጠርዙ ተበልቷል፤ መሃሉ ታጥፎ ታጥፎ ሊቀደድ ደርሷል። የልጅ ልጃቸው ካርድ። የትውልድ ቀን በሚለው ቦታ ሐምሌ 19 ተጽፏል። ዓመቱም ያው።

«ይቺ ልጅ የተወለደችው ወንዙ አላሳልፍ ብሎን ነው» አሉ። «እናቷን በቃሬዛ ተሸክመን በሌሊት ወረድን። ወንዙ ከነዛፉ ይወርዳል። ይጎድል ይሆናል ብለን ቆምን። ሳይነጋ እዚያው ሣር ላይ ወለደች። ዝናብ አልነበረም ካልክ ታዲያ ለምን አልተሻገርንም?»

አልጮኹም፤ አልተቆጡምም። መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ነው የጠየቁኝ። ካርዱን ከመዝገቤ አጠገብ አስቀምጠው ፊት ፊቴን ያዩኝ ነበር።

ከሰብሳቢዎቹ አንዱ ሊረዳኝ ፈልጎ፣ «ዝናቡ ከላይ ዳገቱ ላይ ጥሎ ይሆናል፤ መንደሩ ላይማ ላይጥል ይችላል» አለ። ይህ እውነት ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ወንዝ ከላይ በጣለ ዝናብ ይሞላል፤ ታች ያለው ሰው ሰማዩ ጥርት ብሎለት ጎርፍ ይደርስበታል። በዚያች ቃል ሥር መደበቅ እችል ነበር። እናትየዋ ግን ቀደሙኝ። «እላያችን ላይ ነው የወረደው እንጂ። ቃሬዛውን በምን እንሸፍነው ብለን ተጨንቀን የለም እንዴ?»

እኔም ዜሮው እንዴት እንደተጻፈ ትዝ አለኝ። እዚያው ቆሜ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ አንድ በአንድ ትዝ አለኝ።

## ዜሮው እንዴት ተጻፈ

በዚያ ሐምሌ የማዶውን መለኪያ የሚያነቡት ጋሼ ታመው ተኝተው ነበር። ዘጠኝ ቀን። ተክቷቸው የሚያነብ ሰው አልነበረም። የወሩ ወረቀት ሲደርሰኝ ዘጠኝ ሳጥኖች ባዶ ናቸው። እሳቸው ምንም አልጻፉባቸውም። ትክክለኛውን ነገር ነው ያደረጉት።

እኔ ቁጥሩን ወደ ኮምፒውተር ቅጹ ማስገባት ጀመርኩ። ቅጹ ባዶ አይቀበልም። «ይህ ቦታ መሞላት አለበት» የሚል ቀይ ጽሑፍ ያወጣል። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሪፖርቱ የሚላክበት የመጨረሻው ቀን። ከበላይ ተደውሎልኝ «የቀረው ያንተ ወረዳ ብቻ ነው» ተብያለሁ። ዜሮ ጻፍኩ። ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ። ዘጠኙንም እንዲሁ ሞላሁ። ከዚያ ወረቀቱና ኮምፒውተሩ እንዳይለያዩ ብዬ ወረቀቱ ላይም በሰማያዊ እስክሪብቶ «0.0» እያልኩ ዘጠኝ ጊዜ ጻፍኩ። ሦስት ደቂቃ ቢፈጅብኝ ነው።

ማንንም ለመዋሸት አላሰብኩም። ውሸት እንደሆነ እንኳ አልተሰማኝም። «ያልተነበበ» ለማለት የጻፍኩት ነበር የመሰለኝ። ችግሩ ዜሮ ይህን አይልም። ዜሮ ትልቅ ቃል ነው። ሰው ሄጄ፣ ክዳኑን ከፍቼ፣ አይቼ፣ ደረቅ ሆኖ አገኘሁት ማለት ነው። ባዶ ሳጥን ደግሞ ማንም አላየም ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ጎን ለጎን ናቸው፤ በትርጉም ግን በጣም ይራራቃሉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚባለውን ተረት ሁልጊዜ በሌላ ሰው ላይ ነበር የምተርተው።

የባሰው ደግሞ ይህ ነው። ጋሼ ሲሻላቸው ሄደው መለኪያውን ሲከፍቱ የውስጡ ቱቦ ሞልቶ ወደ ውጭኛው ጣሳ ፈስሶ ነበር። የትኛው ቀን ውኃ እንደሆነ ስላላወቁ ደፉት። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚደረግ ያስተማራቸው የለም። ጣሳው ያቆረው ሁሉ ተለክቶ «የዘጠኝ ቀን ድምር» ተብሎ ቢጻፍ ለየቀኑ ባይሆንም ለወሩ መልስ ይሰጥ ነበር። ያን ያላስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ሲሆን አንድ ሚሊዮን ሊትር። ከመንደሯ በላይ ያለው ዳገት ደግሞ ብዙ ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ያን ሌሊት 30 ሚሊ ሜትር ጣለ? 80? የዚያች ሕፃን እናት ወንዝ ዳር ሆና ስታምጥ የወረደው ውኃ ስንት እንደነበር ከእንግዲህ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። የተደፋ ውኃ አይታፈስም።

## ባዶ የተወ ይከበር

ከዚያ ስብሰባ በኋላ ስለ መለካት ማንበብ ጀመርኩ። ለሥልጠና የሚሰጠንን ጥራዝ አይደለም፤ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ጊዜ፣ እንደ እኔ ዓይነት ሥራ የሠሩ ሰዎች ምን እንዳደረጉ ነው ማወቅ የፈለግኩት።

በኮሪያ በንጉሥ ሴጆንግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1441፣ የዝናብ መለኪያ ተሠርቶ ነበር። በማግስቱ ዓመት መለኪያው አንድ ዓይነት መጠን ወጥቶለት በየአካባቢው ላሉ ሹማምንት ታደለ፤ እነሱም የዝናቡን መጠን ለቤተ መንግሥት እንዲያሳውቁ ታዘዙ። ይህን ሳነብ ከስድስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የነበረ የአንድ ገጠር ሹም ዓይኔ ላይ መጣ። ያላነበበው ቀን ነበረው ይሆን? ምን ብሎ ጻፈ? ለበላይ የሚጻፍ ቁጥር ያኔም የራሱ ጫና የነበረው ይመስለኛል።

በጣም የነካኝ ግን የቻርልስ ኪሊንግ ታሪክ ነው። ኪሊንግ ሃዋይ ደሴት፣ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ በአየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለካ። ሲጀምር ከሚሊዮን 313 አካባቢ ነበር፤ ዛሬ ከ420 በላይ ነው። ዓለም ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲያወራ የሚያሳየው ያ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር የእሱ ነው። በ1964 መጀመሪያ ላይ በጀት ተቆርጦበት ልኬቱ ለጥቂት ወራት ተቋረጠ። መስመሩን ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ያች ክፍተት እስከ ዛሬ አለች። ኪሊንግ ያለፈው ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ የሚመጣውም ብዙ አይለይም፤ በግምት ሊሞላት ይችል ነበር። ክፍተቷ ግን እንዳለች ቀረች። እኔ ደግሞ በሦስት ደቂቃ ዘጠኝ ቀን ሞላሁ።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1985 ጆ ፋርማን፣ ብራያን ጋርዲነርና ጆናታን ሻንክሊን የተባሉ እንግሊዛውያን በአንታርክቲካ ላይ የኦዞን ሽፋን በየዓመቱ በጸደይ ወቅት ክፉኛ እየሳሳ መሆኑን አሳወቁ። የተጠቀሙበት መሣሪያ ሃሊ በሚባል ጣቢያ ከ1950ዎቹ ጀምሮ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ሰው እያነበበው የቆየ ነው። በዚያው ጊዜ ኒምበስ 7 የተባለ ሳተላይት ከላይ ሆኖ ኦዞንን ይለካ ነበር። ሳተላይቱም ዝቅተኛውን ቁጥር አይቶታል። ነገር ግን የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ዶብሰን በሚባለው የኦዞን መለኪያ ከ180 በታች የሆነ ንባብ ሲመጣ «አጠራጣሪ» ብሎ ለብቻው ምልክት እንዲያደርግበት ተደርጎ ተሠርቶ ነበር። ቁጥሩ አልተጣለም፤ ተቀምጦ ነበር። ጮክ ብሎ ቀድሞ የተናገረው ግን መሬት ላይ ያለው አሮጌ መሣሪያ ነው።

ይህን የማነሳው ሳተላይት አይረባም ለማለት አይደለም። እጅግ ይረባል፤ እኔም በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። «አሁን እኮ ሁሉም ከሰማይ ይታያል፤ አንተ በእግርህ የምትዞረው ለምንድን ነው?» የሚሉኝ ሰዎች ስላሉ ነው። በብዛት የምንጠቀምባቸው የሳተላይት የዝናብ ግምቶች አንዱን ነጥብ 5 ኪሎ ሜትር በ5 ኪሎ ሜትር አድርገው ነው የሚያዩት። ተራራማ አገር ላይ በዚያ ስፋት ውስጥ አንዱ ሸለቆ ሲጥለቀለቅ ሌላው ደረቅ ይሆናል። ደግሞም ሳተላይቱ የሚያየው ዝናቡን ሳይሆን በአብዛኛው የደመናውን አናት ቅዝቃዜ ነው። ስለዚህ ግምቱን መሬት ላይ ካሉ ጣቢያዎች ቁጥር ጋር እያስተያዩ ያርሙታል። ምን ማለት እንደሆነ ልብ በሉልኝ። እኔ ቢሮዬ ውስጥ የጻፍኩት ዜሮ ወደ ላይ ከሄደ ሰማዩን ራሱን ሊያርም ይችላል። ትክክለኛ ግምት ያለውን ሳተላይት «የለም፣ አልዘነበም» ብሎ ዝቅ ያደርገዋል።

አውቶማቲክ መለኪያ ይተከል የሚለውም ከዚህ አያድንም። ውስጡ ያለው ትንሽ ማንኪያ በየ0.2 ሚሊ ሜትሩ እየሞላ ይገለበጣል፤ በተገለበጠ ቁጥር ይቆጠራል። ጉሮሮው ላይ የሸረሪት ድር ወይ የወፍ ኩስ ከተጋገረበት ግን ውኃው አያልፍም። ማንኪያው አይገለበጥም። ማሽኑም በታማኝነት ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ እያለ ይልካል። ክዳኑን ከፍቶ የሚያየው ሰው ካልመጣ ክረምቱን ሙሉ ድርቅ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ የውኃ ጥራቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሚጠጣ ውኃ ውስጥ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ በ100 ሚሊ ሊትር ናሙና ውስጥ ጭራሽ መገኘት የለበትም ይላል። ዜሮ ማለት እዚህ ላይ «ጠጡት» ማለት ነው። መመርመሪያው ባለቀብን ወር፣ ወይም ናሙናውን በቅዝቃዜ ይዞ ቤተ ሙከራ በሰዓቱ ማድረስ ባልተቻለበት ወር፣ የዚያ ምንጭ ሳጥን ውስጥ ምን እንጽፍ ነበር? የድሮ ቅጾቹን አገላብጬ አየሁ። በአንዳንዶቹ ላይ ያገኘሁትን እዚህ ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ዜሮ ነው ያለው።

## የጋሼ መልስ

ወንዙን ተሻግሬ መለኪያ የሚያነቡት ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር የሄድኩት፤ እሳቸው ምንም ሳያጠፉ በእሳቸው ስም የቀረበ ወረቀት ላይ ዜሮ ሞልቻለሁና። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠን ነገሩን ዘርዝሬ ነገርኳቸው።

ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ፣ «አንተስ ምን ታደርግ» አሉ። «እኔም ድሮ እንዲያ አድርጌያለሁ። ከአንተ በፊት የነበረው ልጅ ባዶ ትቼ ስሰጠው ይቆጣኝ ነበር። ለምን አልሠራህም ይለኛል። ዜሮ ስጽፍለት ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም።»

ብዙ ሥልጠና ወስጃለሁ። እንደዚህች አረፍተ ነገር ያስተማረኝ የለም። ባዶ የተወ ሰው ይወቀሳል፤ ዜሮ የጻፈ ይመሰገናል። ሪፖርቱ ሙሉ ነው ይባልለታል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ እውነቱን የሚጽፍ ሰው ከየት ይመጣል? አንባቢው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ቅጹም፣ አለቃውም፣ እኔም፣ ሁላችንም ሳናውቀው «ዜሮ ጻፍ» ስንለው ስለኖርን ነው።

ከዚያ በኋላ የሰባቱን ዓመት መዝገብ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አየሁት። እያንዳንዱን ዜሮ በእጅ ጽሕፈቱ፣ በቀለሙ፣ ከጎረቤት መንደር ንባብና ከወንዙ ከፍታ መዝገብ ጋር እያስተያየሁ። ሰው ሄዶ አይቶት የተጻፈ ለመሆኑ ማስረጃ ያጣሁለትን ሁሉ በአንድ ቀጭን መስመር ሰርዤ «ያልተነበበ» ብዬ ከጎኑ ጻፍኩ። አልፋቅኩትም። ስሕተቱም መታየት አለበት። ሲያልቅ ቆጠርኩ፤ 61 ሆነ። ከ61ዱ 34ቱ የማዶዋ መንደር ናቸው። ይገባል። አንባቢው አንድ ብቻ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውም ገፍቷል፤ ወንዙም በመሃል አለ። ዝናብ ሲበረታ ነው ወረቀቱ ባዶ የሚቀረው። ዝናቡ ከሁሉ በሚከፋባቸው ቀናት ነው ያቺ መንደር ዜሮ ስትባል የኖረችው።

አዲሱን ሠንጠረዥ ይዤ ወደ ኮሚቴው ተመለስኩ። ቀላል አልነበረም። «ታዲያ እስከ ዛሬ ያቀረብክልን ምን ነበር?» ያለኝ ሰው አለ፤ ልክ ነው። መንደሯ ከስድስተኛ ወደ ሦስተኛ ከፍ አለች። አንደኛ መሆን ነበረባት ብዬ አምናለሁ፤ ግን በባዶ ሳጥን ማስረዳት አልቻልኩም። የድንጋይ ሥራው ተጀምሮ ግማሹ ተገንብቷል።

## አዲሱ ወረቀት

ቅጹን ለማስቀየር ሰባት ወር ፈጀብኝ። ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ደወልኩ፤ ሄድኩ። አሁን ከእያንዳንዱ ሳጥን አጠገብ ትንሽ ቦታ አለ። ዝናብ ከሌለ «0.0»፤ ነጠብጣብ ብቻ ሆኖ ለመለካት ካነሰ ለዚያ የተመደበ ምልክት፤ ካልተነበበ ሰረዝ። ሰረዝ ካለ ምክንያቱ ይጻፋል። ጋሼን የምታግዝ ሁለተኛ አንባቢም ተመድባለች። ያቺ ሣር ላይ የወለደችው እናት ናት። ራሷ ነች «እኔ ላንብበው» ብላ የመጣችው።

እንዴት እንደሚነበብ ሳሳያት ልጇ አብራን ነበረች። ቱቦውን ወደ ዓይኗ ከፍታ አንሥታ፣ የውኃው ገጽ ከመስታወቱ ጋር ሲገናኝ ጠርዙ ላይ ትንሽ ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ መነበብ ያለበት ግን መሃሉ ዝቅ ያለው እንደሆነ ነገርኳት። ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። ልጅቷ ከሥር ቆማ «ስንት ሆነ?» እያለች ትጠይቃለች። «ባዶ ትቼው ብሰጥህ ትቆጣኛለህ?» አለችኝ እናትየዋ። ጋሼ ነግረዋታል ማለት ነው። «አልቆጣም። ምክንያቱን ብቻ ጻፊልኝ» አልኳት።

መለኪያው የተተከለው ዛፍ የማይከልለው ገላጣ ቦታ ላይ ነው፤ ከእሷ ቤት ለመድረስ አንድ ጅረት መሻገር አለ። የመጀመሪያው የክረምት ወረቀቷ ባለፈው ወር ደረሰኝ። ቁጥሮቹ በእርሳስ፣ ጥንቅቅ ተደርገው ተጽፈዋል። 12.4። 3.0። 27.8። ከዚያ አንድ ሰረዝ። ከጎኑ፣ በጠባቧ ቦታ ላይ፣ ፊደሎቹን አጨናንቃ ጽፋዋለች።

«ጅረቱ ሞልቶ መሻገር አልቻልኩም። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል።»